ጠላ የማያደፈርስ መኪና

የአክስቴ ልጅ መኪና ሊገዛ ነው። ከቤት ቢሮ የምታደርስ ዓይነት አይደለችም። ባለ አራት በር ሆና ኩርባ ላይ የምትፈተለክ፣ ስፖርት ሴዳን የሚሏትን ነው የሚፈልገው። «ስፖርቱን የምትሠራው አንተ ነህ ወይስ መኪናዋ?» አልኩት። አልሳቀም። መኪና የያዘው ሰው ፍቅር እንደያዘው ሰው ነው። ቀልድ አይገባውም፣ ምክር አይሰማም፣ መሀል ላይ ደግሞ ደላላ አለበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያወራው። «አታንገጫግጭም» እና «መንገድ ትይዛለች»። ሁለቱንም በአንድ መኪና ይፈልጋል። ቀጭን ወገብና ጠግቦ መብላት እንደሚፈልግ ሰው ማለት ነው።

መቼም ጎንደር ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ጌቶች ለሁለት ጉዳይ ሁለት እንስሳ ነበራቸው። ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ ነው። ይጠመዘዛል፣ ይፈተለካል፣ ወገብ ግን ይቆርጣል። ለመንገድ በቅሎ አለች። ሰጋር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ጌታ ኩታው እንኳ ከትከሻው አይንሸራተትም። ስለዚህ ጌታው በቅሎው ላይ ተደላድሎ ይጓዛል፣ ፈረሱን አሽከር ከፊት እየሳበ ይሄዳል። ጠብ ሲመጣ ያኔ ይቀይራል። ስፖርት ሴዳን ማለት እንግዲህ «ሁለቱንም በአንድ ኮርቻ እሸጥልሃለሁ» የሚል ነጋዴ ነው።

ቀሃ፣ ከፋሲል መዋኛ አጠገብ፣ የዞብል መቃብር የሚባል ትንሽ ግንብ አለ። ዞብል ፈረስ ነው። ለበቅሎ ግንብ የሠራ እስካሁን አላየሁም። የአክስቴ ልጅም የየትኛው ወገን እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ፍለጋው የወደቀው ኅዳር 5 ላይ ነው። ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ተራ የቤት መኪና ነበር። ከኋላ ክንፍ ተለጥፎለታል፣ ቸርኬው ጥቁር ተቀብቷል፣ በሩ ላይ «ስፖርት» ተብሎ ተጽፏል። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች። አለፍነው።

ሁለተኛዋ የእውነት ናት። ሥሪቷን አልጠራም፣ ደላላው ይቀየመኛል። ዝቅ ብላ ለመዝለል ያደባች ድመት ትመስላለች። የአክስቴ ልጅ በሩን ከፍቶ ዘጋ። «ዱፍ!» አለ። «ሰማህ? ዱፍ!» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እኛ አገር መኪና ሲገዛ የመጀመሪያው ምርመራ ይሄ ነው። በሩ «ዱፍ» ካለ ጥሩ ነው፣ «ቻ» ካለ ቆርቆሮ ነው። መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ምን ትላለች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቀጥሎ መቀመጫውን በመዳፉ ዳበሰ፣ በጡጫው ጫን ጫን አደረገ። ሶፋ ሊገዛ የመጣ ነው የሚመስለው።

እኔ ጎማውን አየሁ። 225/40 ይላል፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው። ይህ ቁጥር ጌጥ አይደለም። 225 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 40 ደግሞ የጎኑ ቁመት የወርዱን 40 በመቶ ነው ማለት ነው። ሲሰላ 9 ሳንቲ ሜትር። በጎንደር ኮብልስቶንና በአንተ ወገብ መካከል ያለው ጎማና አየር ያቺው ናት። የእኔ አሮጌ መኪና 175/65 ናት፣ ከ11 ሳንቲ ሜትር በላይ አላት። «ሁለት ሳንቲ ሜትር ምን ታመጣለች?» አለኝ። ዝም አልኩ። አንዳንዱን መልስ ከአፍ ይልቅ ከወገብ መስማት ይሻላል።

ተነሣን። ደላላው ወዲያው ሙዚቃ ከፈተ። እስክስታ የሚያስመታ ዘፈን፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ። ፒያሳን ዞርን፣ የፋሲል ግቢን አጥር ይዘን ወረድን። መኪናዋ ፍራሽ ናት! ጉድጓዱ አለ፣ ንውጽውጽታው የለም። የአክስቴ ልጅ «እህ?» እያለ ጎኔን ይጎስመኛል። እኔ ደግሞ ጥርጣሬ ገባኝ። 9 ሳንቲ ሜትር እንዲህ አይለሰልስም። መሪዋም ከበድ ትላለች። «የስፖርት መኪና መሪ ወንድ ነው» አለ ደላላው። ክብደት ሌላ፣ ስሜት ሌላ ነው። ጥሩ መሪ ጎማው ምን እንደረገጠ ለእጅህ ይነግርሃል። ይቺ ግን ዝም ብላ ትከብዳለች፣ እንደ ኩርፊያ።

ጎሚስታ ጋ ቁሙ አልኩ። የጎማዎቹን ነፋስ አስለካሁ። 22። በሹፌሩ በር በኩል፣ ምሰሶው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ስናይ ደግሞ 33 ይላል። ደላላው ወደ ሰማይ አየ፣ ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ። ለካ ነፋስ ቀንሶ ነው ያለሰለሳት። ጎማው ሲላላ መኪናው ይለሰልሳል፣ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው በጎንና ጎኑ ያልቃል። 33 አስሞልተን ስንወጣ ፍራሹ ሰሌን ሆነ። ሙዚቃውን አጠፋሁት። ያኔ ከኋላ በቀኝ በኩል «ቋ፣ ቋ፣ ቋ» የሚል ሌላ ዘፈን ሰማን።

ጎሚስታው ልጅ ጥሩ ሰው ነው። የጎማውን ጎን በጣቱ አሳየኝ፤ 1015 የሚል አራት አኃዝ አለ። «2015 ነው፣ ገና አዲስ!» ብሎ ደላላው ዘለለ። ነው፣ ግን በፈረንጅ ነው። 10 ሳምንቱ፣ 15 ዓመቱ። 2015 በፈረንጅ፣ ዐሥረኛው ሳምንት የጀመረው ማርች 2 ቀን ነው። ወደ እኛ ሲመለስ የካቲት 23 ቀን 2007 ዓ.ም. ይሆናል። ጎማው የተሠራው በዓድዋ ሳምንት ነው ማለት ነው። «ታሪካዊ ነው» አልኩት። በዘመን አቆጣጠር ልዩነት ሰባትና ስምንት ዓመት ወጣት መሆን እኛም አምሮብን ነበር፣ ጎማም ተማረ።

ወደ መካኒኩ ሄድን። መካኒኩ ብዙ አያወራም። የመኪናዋን አንድ ጥግ በሁለት እጁ ተጫነና ለቀቀ። አንዴ ብድግ ብላ ረጋች። ሌላውን ጥግ ተጫነ፣ እሱም ረጋ። የኋላ ቀኙን ሲለቅ ግን መኪናዋ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሰገደች።

«አሞርዛተሩ ሞቷል» አለ።

«ጽጌ ነው እኮ፣ ትስገድ እንጂ!» አለ ደላላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። ሞላ ግን አንዴ ከተነካ አመል አለበት፤ ሲነሣ ሲወድቅ ይውላል። አሞርዛተር ሽማግሌ ነው። «በቃ፣ ሰምተናል፣ ተቀመጥ» ይላል። ሽማግሌው ሲሞት ቤቱ ይታመሳል፤ ጎማውም መሬቱን እየለቀቀ ይረግጣል። የስፖርት መኪና ሞላው ጠንካራ ነው፣ ሽማግሌውም ቁጡ ነው። ኩርባ ላይ እንዳትጋደል ብለው ነው እንዲህ የሠሯት። ስለዚህ መንገጫገጭ ሁሉ በሽታ አይደለም። ጠንካራ ሆና ወዲያው የምትረጋ ጤነኛ ናት። ለስላሳ ሆና የማትረጋዋን ነው መፍራት።

ከዚያ ወደ ጎሃ ወጣን፣ ኩርባ ለመሞከር። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ወደድኳት። መሪውን ነካ ስታደርጋት አፍንጫዋን ወዲያው ታስገባለች። የእኔ መኪና ኩርባ ላይ እንደ ደብተራ ዝማሜ ትይዛለች፤ መጀመሪያ መሪው ይዞራል፣ ቆይቶ አካሏ ወደ ጎን ይዘማል፣ መጨረሻ ላይ ጎማው ይሰማል። ይቺ አንድ ላይ ዞረች። ከነሞተው አሞርዛተሯ። ላይ ደርሰን ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር እያየን ሁለታችንም ዝም አልን። ደላላው ዝምታው ገበያ እንደሆነ ገባው። «ከ100 በላይ ስትነዷት ነው እኮ ማንነቷ የሚታወቀው» አለ። ጎንደር ውስጥ 100 የሚሄደው ሐሜት ብቻ ነው።

በዚህ መሀል ስልክ ተደወለ። አክስቴ ናት። እቴቴ እንላታለን።

«የት ናችሁ?»

«መኪና እየሞከርን ነው።»

«ጥሩ። እግረ መንገዳችሁን ውሰዱኝ። ነገ ቁስቋም ናት፣ ለማኅበርተኛዬ ጠላ አደርሳለሁ።»

እናት ያላት ከተማ ውስጥ «ሙከራ» የሚባል ጉዞ የለም። መላክ አለ።

እቴቴ 20 ሊትር ጀሪካኗን ይዛ ወጣች። ኮለል ያለ ጠላ ነው፣ ስታጠራው የሰነበተችው። ደላላው «እማማ፣ አንቱ ከፊት ይቀመጡ» ቢላትም «ጠላውን ማን ይይዛል?» ብላ ከኋላ ገባች። ከኋላ መቀመጡ ሌላ ዓለም ነው። ሹፌር ጉድጓዱን ያያል፣ ወገቡን ያዘጋጃል፣ መሪም ጨብጧል። የኋላ ተቀማጭ ከጎማው ጎን ነው፤ ስለ ጉድጓዱ የሚሰማው ከገባበት በኋላ ነው። መኪና ሊገዛ ሄዶ ከኋላ ተቀምጦ የሞከረ ሰው አይቼ አላውቅም። ገንዘቡን የሚያወጣው ከፊት ነው፣ መከራውን የሚያየው ከኋላ።

ጀሪካኑ ወለል ላይ፣ በእቴቴ እግሮች መሀል ተቀመጠ። ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኑን ይዘን ወደ ቁስቋም ወጣን። እቴጌ ምንትዋብ ዳገቱ ላይ ሲያሠሩት 9 ሳንቲ ሜትር ጎማ ይመጣል ብለው አላሰቡም። «ግው ግው ግው።» አንድ ቦታ ላይ ሆዷ ድንጋይ ላሰ። «እመቤቴ!» አለች እቴቴ። የአክስቴ ልጅ በስፖኪዮ አያትና፣

«እንዴት ናት እቴቴ?» አላት።

«ደኅና ናት። ስገባ ጎንበስ ብያለሁ፣ ስወጣም ጎንበስ እላለሁ። መቅደስ ነው እንዴ ልጄ?»

ማኅበርተኛዋ ቤት ሽንኩርት የሚከትፉ ሴቶች ሞልተዋል። እቴቴ በኩራት ጀሪካኑን ከፍታ በብርጭቆ ቀዳች። ሁላችንም አየን። ጉሽ። እንደ ክረምት ቀሃ ወንዝ ድፍርስ ያለ።

አንዷ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታ አገላበጠችው። «በባጃጅ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለች።

የአክስቴ ልጅ ፊት ላይ ያየሁትን ጠላት እንኳ አይየው። ደላላ፣ መካኒክ፣ ጎሚስታ ያልበገረውን ሰውዬ አንዲት ሽንኩርት ከታፊ ጣለችው። «እስከ ነገ ካልረጋ ጉድ ፈላ» ብላ እቴቴ ጀሪካኑን ጥግ አስቀመጠችው፣ የታመመ ሰው እንደምታስተኛ ቀስ ብላ።

ስንመለስ መካኒኩ መፍትሔ ነገረን። አሞርዛተሮቹን ቀይሩ፣ ጎማዎቹን ጣሉ። ፍሬኑን የማይነካ 16 ኢንች ቸርኬ ካገኛችሁ 205/55 ጎማ አስገቡበት። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ብዙም አይለወጥም፣ ቸርኬው ሲያንስ ግን ጎኑ ያድጋል። ኩርባ ላይ ትንሽ ትለግማለች እንጂ ወገብ ታተርፋላችሁ። እኔ ተስማማሁ። የአክስቴ ልጅ ግን ደነገጠ።

«16? ሰው ምን ይለኛል?»

«ምን ይልሃል?»

«ቸርኬው አነሰ ነዋ!»

የአሞርዛተሩንና የጎማውን ዋጋ ከመኪናዋ ላይ አስቀንሶ ገዛት። አዲስ አሞርዛተር አስገባ። አዲስ ጎማም ገዛ፤ 225/40፣ 18 ኢንች። አሁን አንዴ ብድግ ብላ ትረጋለች፣ ኩርባ ላይ መላእክት ያዞሯታል፣ ኮብልስቶን ላይ ግን ያው ናት። ማታ ማታ ፒያሳ አቁሟት ማዶ ካለው ካፌ ቁጭ ብሎ ያያታል። እዚያ ጋ በጣም ትመቻለች።

ለኅዳር ጽዮን እቴቴ እንደገና ጠላ ይዛ ወጣች። እኔም አብሬ ነበርኩ። በዚህ ጊዜ ጀሪካኑን ወለል ላይ አላስቀመጠችውም። ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሁለት እጇ አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ሄደች። በየጉድጓዱ ብድግ ስትል እሷ ናት የምትነሣው፣ ጀሪካኑ ይረጋል። ደርሰን ተቀዳ። ኮለል ያለ፣ ጣት የሚያሳይ።

«መኪናዋ ተሻላት እኮ!» አሉ ሴቶቹ። የአክስቴ ልጅ ደረቱን ነፋ።

እቴቴ ወገቧን ይዛ ዝም አለች። ስንመለስ ባዶውን ጀሪካን ለእኔ አቀበለችኝና፣ ልጇ እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«ያ መካኒክ አሞርዛተር የሚሉትን ነገር በስንት ነው የቀየረላችሁ?» አለችኝ። «ለእኔም ጠይቅልኝ።»