ፈንጂው ተለቅሞ ሳያልቅ ሰው ይመለስ ወይ? (ክርክር)

መነሻ ሐሳቡ ይህ ነው፦ «ጦርነት ባለፈበት አካባቢ መሬቱ ከፈንጂ ሙሉ በሙሉ ሳይጸዳ ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው መመለስ የለባቸውም።» ሐሳቡን የሚደግፉት ለ14 ዓመት ፈንጂ ሲያመክኑ የቆዩ ባለሙያ ናቸው። የምትቃወመው ደግሞ ተፈናቃዮችን በመመለስ ሥራ ላይ የቆየች አስተባባሪ ናት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምካኙ

ሰው ስለ ፈንጂ ማምከን ሲያስብ የሚታየው ፍንዳታ ነው። የእኛ ቀን ግን እንዲህ ነው። በሆድህ ትተኛለህ። ብረት ፈላጊው መሣሪያ ይጮሃል። ቀጭኗን ብረት አጋድመህ፣ ከጎን በኩል፣ ቀስ እያልክ አፈሩ ውስጥ ትሰዳለህ። ከላይ ቀጥ አድርገህ ከወጋህ የፈንጂውን አናት ነው የምትጫነው። ከዚያ አፈሩን በእጅህ ትጠርጋለህ። ሚስማር ነው። ትንሽ ፈቀቅ ትላለህ፣ ይጮሃል። የጥይት ቀለሃ። ይጮሃል። የቆርቆሮ ክዳን። ምንጣፍ የምታክል መሬት ላይ ግማሽ ቀን ያልፋል። አንደኛው ጩኸት ግን ሚስማር አይሆንም፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ የሚነግርህ የለም።

ይህን ያየ ሰው «ይመለሱ፣ ቀስ እያለ ይጸዳል» ሲባል ቢናደድ አይፈረድበትም።

በ2023 በዓለም ላይ በፈንጂና ባልፈነዱ ተተኳሾች መሞታቸው ወይም መቁሰላቸው የተመዘገበው 5,757 ሰዎች ናቸው። 84 በመቶዎቹ ሲቪሎች ነበሩ። ዕድሜያቸው ከታወቀው ሲቪሎች ውስጥ ደግሞ 37 በመቶው ልጆች ናቸው። ልጅ ያገኘውን ያነሳል። «ቢራቢሮ» የሚባለውን ፈንጂ በእጄ ይዤዋለሁ፤ የመከነውን ማለቴ ነው። ፕላስቲክ ነው፣ ክንፍ አለው፣ መዳፍ ውስጥ ይገባል። መጫወቻ ነው ብትሉኝ አምናችኋለሁ።

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ይጠረግ፣ ወረቀቱ ይፈረም፣ ከዚያ ሰው ይግባ። እስከዚያው ምልክት እንተክላለን፣ እናስተምራለን። ምልክቱን አልፎ የገባ ግን ራሱን ይውቀስ።

አስተባባሪዋ

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። «ራሱን ይውቀስ።» ጋሼ፣ የትኛው ቢሮ ተቀምጠው እንደጻፏት አላውቅም። በሆድዎ ተኝተው እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል።

ምልክቱ ምን እንደሚሆን ልንገርዎት። ቀዩ ላስቲክ በሳምንቱ የለም። ጥሩ ገመድ ነዋ! ጭነት ይታሰርበታል። እንጨቱ ማገዶ ይሆናል። የራስ ቅል የተሳለበት ቆርቆሮ ቤት ይደፈንበታል። አንድ ቤት ገብቼ ያንኑ ቆርቆሮ መስኮት ላይ ተመትቶ አይቻለሁ፤ ሥዕሉ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ከአልጋው በላይ። ሴትዮዋ ሞኝ አይደለችም። ብርዱ በየማታው ነው፣ ፈንጂው ምናልባት ነው።

ምልክቱ ባይነሳስ? ውሃው ያለው ከምልክቱ ማዶ ነው። ማገዶውም ማዶ ነው። «አትለፉ» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው፤ በዚህ በኩል ውሃ ቆፍሮ መስጠት ግን የማንም ሥራ አይደለም መሰለኝ።

ደግሞስ ሰዉ የእኛን ፈቃድ የሚጠብቅ ይመስልዎታል? መጀመሪያ አባትየው ብቻውን ይሄዳል። ቤቱን አይቶ ይመለሳል። ከዚያ ልጆቹን ይወስዳል፤ በሌሊት፣ በአቋራጭ። እኛ አውቀን ብንመልሰው ቢያንስ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ እናሳየዋለን። የት እንደተቀበረ ለእናንተ ጥቆማ የሚሰጠውስ ማን ሆነና? ነዋሪው አይደለም? መሬቱን ከመሣሪያችሁ በላይ ያውቀዋል።

«ሙሉ በሙሉ» ስላሏት ነገር ደግሞ። ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለው የኦታዋው ስምምነት በ1999 ሥራ ላይ ሲውል ለአባል አገር የሰጠው የመጥረጊያ ጊዜ 10 ዓመት ነበር። ማራዘሚያ የጠየቀው አገር ብዙ ነው። የሞዛምቢክ ጦርነት በ1992 አበቃ። አገሪቱ ከፈንጂ ነጻ ነኝ ያለችው በ2015 ነው። በእርስዎ ሐሳብ ቢሆን ያ ሁሉ ሕዝብ 23 ዓመት ድንኳን ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

አምካኙ

ቢሮ አሉኝ። እህቴ፣ የግራ እጄ ሁለት ጣት የለውም። ቢሮ ረስቼው አይደለም። ይሄን ማንሳት አልፈለግኩም ነበር፤ እርስዎ አስነሱኝ።

ሞዛምቢክ ሕዝቡ ተመልሶ ነበር፣ አዎ። ፈንጂው እያለ። ስንቱ እግሩን እንዳጣ ግን አልጻፉም። ስሌቱ ላይ 23 ዓመቱን ብቻ ቆጥረው እግሩን ዘለሉት።

«ነዋሪው ያውቃል» ላሉት፣ የሚያውቀው የድሮውን ነው። በ2014 ቦስኒያ ላይ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት መጣና ፈንጂውን ከነማስጠንቀቂያው ጠርጎ ወሰደው። ከጦርነቱ ወደ 20 ዓመት ገደማ በኋላ! ትናንት ንጹህ የነበረ ማሳ ዛሬ ፈንጂ ወረዳ ሆነ። ምን የሚያውቅ ነዋሪ ነው ይሄንን የሚነግርዎት?

አጥርም ቢሆን በደንብ ከታጠረ ይሠራል። ደቡብ አትላንቲክ ባሉት ፎክላንድ ደሴቶች ላይ በ1982 በብሪታንያና በአርጀንቲና ጦርነት የተቀበረው ፈንጂ ታጥሮ ቆየ። ተጠርጎ ያለቀው በ2020 ነው። በመሀሉ ሲመላለስበት የነበረው ፔንጉዊን ነው፤ ክብደቱ አያፈነዳውም። መታገስ ይቻላል ለማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። እርስዎ ከመለሷቸው ሰዎች ስንቱ ተጎዳ? ቁጥር ብቻ ነው የምፈልገው።

አስተባባሪዋ

ስለ ጣትዎ አዝናለሁ። ከልቤ ነው። ግን ጣትዎ «ራሱን ይውቀስ»ን እውነት አያደርጋትም። እርስዎ ሲጎዱ የፊት መከለያ ነበረዎት፣ ወፍራም ሰደሪያ ነበረዎት፣ ሐኪም አጠገብዎ ቆሞ ነበር፣ ደመወዝዎም አልተቋረጠም። በዚያች ሰዓት «ራስህን ውቀስ» ያለዎት ሰው ነበር? ማንም ቢልዎት ምን ይሉት ነበር?

ፔንጉዊኑን ግን ተዉት እባክዎ። ፔንጉዊን ውሃ አይቀዳም። ማሳ የለውም፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ የለውም። ሰው የማይደርስበት ባሕር ዳርቻ አጥሮ 38 ዓመት መጠበቅ ይቻላል። የሰው ጓሮ አጥሮ ነው የማይቻለው። ሌላ ምሳሌ ጠፍቶ ነው ወይስ ተፈናቃዩ እንደዚያ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት፤ ቀላል፣ የማይናገር፣ ሲረግጥም የማይሰማ?

ሞዛምቢክ ላይ ኢኮኖሚስቶች ያጠኑት ነገር አለ። የት መቼ እንደተጠረገ ተከታትለው አዩ። ትልቁ ለውጥ የመጣው መንገድ፣ የባቡር ሐዲድና የገበያ ቦታ ሲጠረግ ነው። እዚህም እዚያም ተበታትኖ የተሠራው ያን ያህል አላመጣም። ስለዚህ ዋናው «መቼ ያልቃል» አይደለም፤ «ከየት ይጀመር» ነው። ውሃው መንገድ፣ ገበያው መንገድ፣ ጤና ጣቢያው መንገድ። እነሱ ከተከፈቱ ሰው ይኖራል፤ ዳገቱ ላይ ያለው ይቆይ።

ዝግታውንም ቢሆን ዕጣ ፈንታ አታድርጉት። ካምቦዲያ ውስጥ ፈንጂ በማሽተት የሠራው ማጋዋ የሚባለው አይጥ በ2020 ሜዳሊያ ተሸልሟል። የቴኒስ ሜዳ የሚያክል ቦታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨርስ ነበር። ብረት አይፈልግም፣ ሚስማርዎ አያታልለውም።

ደግሞ የእናንተ «ጸድቷል» ራሱ ልክ አለው። ወረቀቱ ላይ ጥልቀት ይጻፋል፤ እንዳገሩ 13 ሳንቲሜትር፣ 20 ሳንቲሜትር። ከዚያ በታች ማንም አልማለም። እርስዎም አደጋ ትተው ነው የሚፈርሙት። ልዩነቱ፣ እርስዎ ሲተዉት ስታንዳርድ ይባላል፣ እሷ ጀሪካን ይዛ ስትሻገር ጥፋት ይባላል።

«እህቴ» ማለቱም ይቅርብኝ።

አምካኙ

እሺ።

አይጡ ያሸታል እንጂ አያወጣም። እሱ ከሄደ በኋላ በሆዱ የሚተኛው ሰው ነው። አይጡን ግን እወደዋለሁ፣ በእሱ አንጣላም።

መንገድ ይቅደም ላሉት፣ መቼ ተቃወምኩ? እኛም የምንጀምረው ከዚያ ነው። እኔ የምለው፣ አደጋ ሲደርስ የሚጠየቀው ማን ነው? አንድ መሬት «ጸድቷል» ስል ስሜ አለበት። የጠረግነው ክፍል፣ ቀኑ፣ ጥልቀቱ፣ አዎ ጥልቀቱም ተጽፏል። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ቢረግጥ ፋይሉ ይከፈታል፣ እኔም እጠራለሁ። ሌሊት የምነቃው በዚህ ነው። እናንተ መኪና ላይ ሰው ስትጭኑ ማን ነው የሚፈርመው? «በፈቃዳቸው ተመልሰዋል» ትላላችሁ። ያም እኮ ራሱን ይውቀስ ነው፤ በትሕትና የተጻፈ።

የእኔዋን «ራሱን ይውቀስ» ሰርዣታለሁ። በቁጣ የተጻፈች ናት። አሁን ቁጥሩን ይንገሩኝ። አንዴ ጠይቄ ዘለሉት።

አስተባባሪዋ

ሁለት።

ጠፍቶኝ አይደለም የዘለልኩት። አንዲት እናት፣ በወሩ ደግሞ የጎረቤቷ ልጅ። እሷ ሞተች። ልጁ አንድ እግሩ የለም፤ ክራንቹ በየዓመቱ ያጥረዋል፣ እያደገ ነዋ።

ድንጋዮቹ በአንድ ጎናቸው ቀይ፣ በሌላው ነጭ የተቀቡ ነበሩ። ቀዩ አደጋ ነው፣ ነጩ ደኅና ነው ብለን ያስተማርናቸው እኛ ነን። ልጆቹ በዜማ ይሉት ነበር። ሁለቱም የተመቱት በነጩ በኩል ነው። ማንም ምልክት አላለፈም፣ ጋሼ። ለዚህ ነው ያቺን ዐረፍተ ነገር ልለቃት ያልቻልኩት።

ፊርማዬን ጠይቀውኛል። የመመለሻው ዝርዝር ላይ አለ። በየገጹ።

አምካኙ

ድንጋዮቹ የተደረደሩት ከመንገዱ በየትኛው ወገን ነው? ከበላዩ ዳገት አለ? ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይወርድበታል? ከሁለቱ አደጋ በኋላ ቦታውን እንደገና የፈተሸው አለ? ሰው አሁንም እየሄደበት ከሆነ ዛሬውኑ ያስቁሙ። ካርታው እጅዎ ላይ ካለ ይላኩልኝ።