ማስተካከያ፦ የማዝዳ ቸርኬ ኢ30 ላይ እንዳለ አይገጥምም

በመኪና ውድድር መም (ትራክ) ላይ ለመንዳት ርካሽና ቀላል ቸርኬ ለሚፈልጉ የቢኤምደብሊው ኢ30 ባለቤቶች፣ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ቸርኬ «እንዳለ ይገጥማል» ተብሎ ቀደም ሲል የተሰጠው መረጃ ስህተት ነው። የቡሎን አቀማመጡ በሁለቱም 4 በ100 ነው፤ ማለትም አራት ቡሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ (ከኢ30 ሞዴሎች ኤም3 ብቻ 5 በ120 ስለሆነ ይህ አይመለከተውም)። ችግሩ የመሃል ቀዳዳው ነው፦ የማዝዳው 54.1፣ የኢ30 ሞዞ (ቸርኬው የሚቀመጥበት የመሃል ክፍል) ግን 57.1 ሚሊ ሜትር። በቡሎን እየጎተቱ ለማስገባት መሞከር አደገኛ ነው፤ ቸርኬው ሳይቀመጥ የጠበቀ ይመስላል፣ ሲነዳ ይላላል። ቶርኖ ቤት ማዕከሉን ሳይስት ቀዳዳው በ3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም እስከ 57.1፣ ይስፋ።

የማዝዳው ኦፍሴትም (የሞዞው መቀመጫ ከቸርኬው ወርድ መሃል የሚርቅበት ልክ) ከፍ ስለሚል ቸርኬው ወደ ውስጥ ይገባል። 10 ሚሊ ሜትር ስፔሰር (በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ቀለበት) ካስገቡ ቡሎኑም የግድ በ10 ሚሊ ሜትር ይርዘም። ቶርኖ ለማይፈልግ የቮልስዋገን ጎልፍ 2 ቸርኬ ይሻላል፤ ቀዳዳው 57.1 ነው።