ስድስት ፓርክ በስምንት ቀን? ልጆቹስ ምን በደሉ?

እዚህ ላስ ቬጋስ ያለ አንድ የሐበሻ ማኅበር ሰሞኑን የሰመር የቤተሰብ ጉዞ ዕቅዱን አሰራጭቷል። ግራንድ ካንየን፣ ዛየን፣ ብራይስ ካንየን፣ አርችስ፣ ግራንድ ቲተን፣ የሎስቶን። ስድስት ብሔራዊ ፓርክ በስምንት ቀን፣ በመኪና፣ ከነልጆች። ደርሶ መልሱ 2 ሺሕ ማይል ገደማ ይመጣል። ይህ ሽርሽር አይደለም፤ የታክሲ ፈረቃ ነው።

"ልጆቹ አይደክሙም ወይ?" ተብሎ ቢጠየቅ አንዱ አስተባባሪ "መኪና ውስጥ ይተኛሉ" አለ። ለመተኛትማ እቤታቸው አልጋ አላቸው!

የባሰው ግን የገንዘቡ ክርክር ነው። "ዓመታዊው የብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ካርድ 80 ዶላር ነው፤ ብዙ ፓርክ ካላየንበት ከሰርን" ይላሉ። ካርዱ እኮ የሚሠራው ለዓመት ነው። በስምንት ቀን ጨርሱት ያለ ማን ነው? ዛየንን በሰመር፣ ግራንድ ካንየንን ለታንክስጊቪንግ ማየት ይቻላል። ካርዱ ቢቀርስ? ዛየን ለአንድ መኪና 35 ዶላር ነው፤ ያውም ለሰባት ቀን። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። አራተኛ ክፍል ልጅ ያለው ቤተሰብ ደግሞ በልጁ ስም ነጻ ፈቃድ አውጥቶ መኪናው ሙሉ ይገባል። (ከአገር ቤት እንግዳ የመጣበት ሰው ሂሳቡን ለብቻ ያስላ፤ ከ2026 ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ላልሆነ ካርዱ 250 ዶላር ሆኗል።) የ80 ዶላር ካርድ እንዳይባክን ብሎ በየሌሊቱ ሞቴል መቀያየር፣ በየመንገዱ ቤንዚን መቅዳት፣ ይህ ምን ዓይነት ቁጠባ ነው?

ዕቅዱን ያወጣው ሰው የሎስቶንን የሚያውቀው ካርታ ላይ ነው መሰለኝ። ግማሽ ቀን ሰጥቶታል። የውስጡ ዙሪያ መንገድ ብቻ 142 ማይል ነው፤ በሰዓት ከ45 ማይል በላይ መንዳትም አይቻልም። ባይሰን አስፋልት ላይ ከቆመ ደግሞ ጥሩምባ ሰምቶ የሚነሳ እንስሳ አይደለም። ኦልድ ፌዝፉል የሚባለው ፍል ውሃ የሚፈነዳው በአማካይ በየ90 ደቂቃው ነው። ልክ ሲያበቃ የደረሰ ሰው ምን ሊያደርግ ነው? ልጆቹን ባዶ ጉድጓድ አሳይቶ ወደ መኪናው ይመለሳል?

ዛየንን "በመኪና ዞር ዞር ብለን እንወጣለን" የሚለውም አለ። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ሸለቆ ውስጥ የግል መኪና አይገባም። የሚገባው በፓርኩ አውቶቡስ ነው። ይህን እንኳ ሳያጣሩ ምዝገባ ከፍተዋል።

ልጅ ፓርክ ውስጥ የሚደሰትበትን ነገር ደግሞ ጭራሽ ረስተውታል። ጁኒየር ሬንጀር የሚባል ነገር አለ። ልጁ ደብተር ይወስዳል፣ እየዞረ ጥያቄዎቹን ይሞላል፣ ለሬንጀሩ፣ ማለትም ለፓርኩ ጠባቂ፣ ያሳያል፣ ቀኝ እጁን አንስቶ ቃል ይገባል፣ ባጅ ይቀበላል። ሰዓታት ይፈልጋል። በዚህ ዕቅድ ውስጥ ግን ልጅ ሽንት ቤት የሚሄድበት ሰዓት እንኳ የለም።

ዛየንና ብራይስ ጎረቤት ናቸው፤ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ሁለቱን አብሮ ማየት ይቻላል። ከዚያ በላይ አልሰማም። ምዝገባው ገና አልተዘጋም፤ አራቱን ይሰርዙና ቀኑን ለሁለቱ ይስጡ። ማደሪያው ግን ከአሁኑ ይያዝ። ዛየን በር ላይ፣ ስፕሪንግዴል ውስጥ፣ በሰመር በመጨረሻ ሰዓት ክፍል የሚፈልግ ሰው ዋጋውን ሲሰማ መኪናውን ወደ ቬጋስ ያዞራል።