ማሪነርስ ይደግሙታል? ቀስ እንበል

የአሜሪካው ቤዝቦል ቡድን ሲያትል ማሪነርስ የ2025ቱን የአሜሪካን ሊግ ምዕራብ ምድብ ድል ይደግማል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ከ2001 ወዲህ የመጀመሪያው ስለነበር ደስታው ይገባኛል፤ እኔም ተስፋ አለኝ። ግን 2024ን አንርሳ! ጁን 18 ላይ በ10 ጨዋታ እየመሩ፣ በአንድ ወር ገደማ የምድቡ ተፎካካሪያቸው ሂዩስተን ደረሰባቸው። 85 አሸንፈው በአንድ ጨዋታ ብቻ ከፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ካለው የዋንጫ ፉክክር) ቀሩ።

ያኔ የጎደለው ውርወራ ሳይሆን ምት ነበር። የሲያትል አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ኳሷ ሩቅ አትሄድም፤ በዚያ ላይ መቺዎቹ በስትራይክ አውት (ኳሷን መምታት አቅቷቸው ከተራቸው በመውጣት) ሲረግፉ ሯጭ ነጥብ ሳያስቆጥር ሦስተኛ ቤዝ (ከነጥብ በፊት ያለው የመጨረሻ ማረፊያ) ላይ ቆሞ ይቀራል። ካል ራሊ በ2025 60 ሆም ረን (መቺው ሁሉንም ቤዝ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) መታ፤ ያንን በየዓመቱ ከአንድ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ ከሚቀበል ተጫዋች) መጠበቅ ግን ከባድ ነው። የፒቸሮቹም (የኳስ ወርዋሪዎቹም) ትከሻና ክርን ያሳስበኛል፤ በ2025 ከርቢም ጊልበርትም ተጎድተው ከርመዋል።

እኔ ከሰንጠረዡ ይልቅ የማየው ከሂዩስተን ጋር ያሉትን 13 ጨዋታዎች ነው። ሌላ ቡድን ስታሸንፍ ልዩነቱ በግማሽ ይሰፋል፣ ተፎካካሪህን ስታሸንፍ ግን በሙሉ ጨዋታ። እኩል ቢጨርሱም ከ2022 ወዲህ መለያ ጨዋታ የለም፤ እርስ በርስ የበለጠው ምድቡን ይወስዳል። ስለዚህ ከ13ቱ 7ቱን ማሸነፍ የግድ ነው።