የዶሮቲ ማስታወሻና በሳጥን የቀሩ ደብዳቤዎቻችን

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ግራስሚር በምትባል መንደር፣ ገጣሚው ዊሊያም ወርድስወርዝ ከእህቱ ከዶሮቲ ጋር ከ1799 መጨረሻ ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) እስከ 1808 የኖረበት ጠባብ ቤት ዛሬ በሙዚየምነት ይጎበኛል። ከአገር ቤት የሚመጡ እንግዶችን ወደዚያ ስወስድ አብዛኞቹ የሚደነቁት በግጥሞቹ አይደለም። የሚያስደንቃቸው አንዲት ያላገባች ሴት ዳቦ መጋገሯን፣ ልብስ መጠገኗን፣ የወንድሟን ራስ ምታትና ደጃፏ የቆመውን ለማኝ ቀን እየቆጠረች የመዘገበችበት ደብተር እንደ ቅርስ ተጠብቆ መቆየቱ ነው።

ዶሮቲ ይህን ማስታወሻ የጀመረችው በግንቦት 1800 ሲሆን፣ ምክንያቷንም ወንድሟ ከመንገድ ሲመለስ አንብቦት ደስ እንዲለው መሆኑን እዚያው ጽፋዋለች። ደራሲ የመባል ፍላጎት እንዳልነበራትም በኋላ በደብዳቤ ገልጻለች። ይሁን እንጂ ሚያዝያ 15 ቀን 1802 በአልስዋተር ሐይቅ ዳር ከዊሊያም ጋር ሲሄዱ ያዩአቸውን ቢጫ አበቦች፣ አንዳንዶቹ እንደ ደከመው ሰው ድንጋዩን ተንተርሰው፣ ሌሎቹ በነፋሱ ሲጨፍሩ እንደነበር የገለጸችበት ገጽ፣ ወንድሟ ከሁለት ዓመት በኋላ ለጻፈው እጅግ ታዋቂ ግጥም ቀዳሚ ምንጭ ሆኗል። ግጥሙ «ብቻዬን ስንከራተት» ብሎ መጀመሩ ያስፈግጋል፤ እህቲቱ አጠገቡ ነበረችና።

ሥዕሎቹን የተመለከትን እንደሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ዊሊያም ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው በብዙ ሠዓሊዎች ተሥሏል፤ ሄይደን በ1842 ከሄልቬሊን ተራራ ላይ አቀርቅሮ ሲያስብ የሣለው ምስሉ ዛሬም በሰፊው ይታወቃል። የዶሮቲን መልክ የምናውቀው ግን በዋናነት ከአንድ የጥላ ምስልና በ1833፣ የ61 ዓመት ሴት ሳለች፣ ቆብ አድርጋ ከተሣለችበት ሥዕል ነው። መልኳ ጥቂት፣ ጽሑፏ ብዙ ነው። በእኛ ቤት ተቃራኒውን እናያለን፤ የእናት ፎቶግራፍ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተሰቅሏል፣ በጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ከተጻፈው በቀር ግን ስለ ውሎዋ የተጻፈ አንድ መስመር አይገኝም።

ይህን ልዩነት «ፈረንጅ ይጠብቃል፣ እኛ እንጥላለን» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። በአንድ በኩል፣ የአገራችን ሰው ወረቀቱን የጣለው ሁልጊዜ በግዴለሽነት አይደለም፤ በደርግ ዘመን ፍተሻ ፈርቶ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ምድጃ ውስጥ የከተተ ቤተሰብ ብዙ ነው። በሌላ በኩል እንግሊዛውያኑም ገበናቸውን ሸፍነዋል። ዊሊያም በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ እዚያ ሳለ አኔት ቫሎን ከምትባል ፈረንሳዊት ጋር አንዲት ሴት ልጅ ወልዶ ነበር፤ የወንድሙ ልጅ በ1851 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ ግን ይህን በዝምታ አለፈው። አኔት በ1793 የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በእንግሊዝና በፈረንሳይ ጦርነት ምክንያት በፈረንሳይ ባለሥልጣናት ተይዘው ስለ ቀሩ ለታሪክ የተረፉት በጠባቂ ቤተሰብ ሳይሆን በመንግሥት መዝገብ ቤት ነው።

ከሁሉ በላይ እኛንና እነሱን የሚለየው የደብዳቤው ተግባር ይመስለኛል። በሰኔ 1812 የዊሊያምና የሚስቱ የሜሪ ትንሽ ልጅ ካትሪን ስትሞት አባት ለንደን፣ እናት ዌልስ ነበሩ። ዶሮቲ በዚያው ዕለት ለወንድሟ ጻፈች፤ የሌሎቹን ደህንነት በአንድ ሐረግ አስቀድማ ሕፃኗ የሞተችበትን ሰዓት ሳይቀር ነገረችው። በእኛ ዘንድ ይህ የማይታሰብ ነው። መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ «ሁላችንም ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን» የሚል ደብዳቤ ተቀብሎ ሲጽናና ይከርምና፣ አንድ ማለዳ ወዳጆቹ ተሰብስበው በሩን ሲያንኳኩ ነገሩ ይገባዋል። ልማዱን አልነቅፍም፤ ሰው ሐዘኑን ብቻውን በባዕድ አገር ክፍል ውስጥ እንዳያነብ የሚጠብቅ ብልህ ልማድ ነው። ነገር ግን ደብዳቤዎቻችን ተሰብስበው ቢገኙ እንኳ የቤተሰቡን እውነተኛ ዘመን ላይነግሩን እንደሚችሉ መዘንጋት የለብንም።

ዊሊያምና ሜሪ የተጻጻፏቸው የፍቅር ደብዳቤዎች እስከ 1977 ድረስ አይታወቁም ነበር። በካርላይል ከተማ አንድ የቴምብር ነጋዴ ከገዛው የአሮጌ ወረቀት ክምር ውስጥ ወጡ፤ በጨረታ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አሸነፈ፣ ሆኖም የቅርስ ማውጫ ፈቃድ በመዘግየቱ በግራስሚር ያለው የወርድስወርዝ ባለአደራ ድርጅት ገንዘቡን አሰባስቦ አስቀራቸው። ሕግና ድርጅት መኖሩ ጠቅሟል፤ ከዚያ በፊት ግን ወረቀቱን የያዘው ሰው የጽሕፈቱን ቋንቋ ማንበብ መቻሉ ጠቅሟል።

ስለዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ አገር ቤት በአልጋ ሥር ያለው ሳጥን አይደለም፤ እዚያ ሳጥኑን የሚከፍተው የልጅ ልጅ ፊደል ያውቃል። የሚያሳስበኝ በለንደን፣ በዋሽንግተንና በስቶክሆልም አፓርታማዎች በቁም ሣጥን ላይ ያለው የደብዳቤና የካሴት ከረጢት ነው። ባለቤቱ ሲያርፍ ቤቱን በወሩ መጨረሻ አጽድተው የሚያስረክቡት ልጆች አማርኛ ቢናገሩም ብዙዎቹ አያነቡም፤ የትኛው የኤሌክትሪክ ደረሰኝ፣ የትኛው የአያታቸው ደብዳቤ እንደሆነ የሚለዩት በወረቀቱ ዓይነት ብቻ ነው።