ማኑዋሉ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ

«ማኑዋል ማንበብ ቀርቷል፣ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ይበቃል» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። በዚህ አልስማማም። ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ለሌላ ቨርዥን የተጻፈ ነው። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማኑዋል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይጫናል፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባል። እኔ ራሴ የክሮንታብ (ኮምፒውተሩ በተወሰነ ሰዓት ራሱ የሚሠራቸውን ሥራዎች የምንዘረዝርበት) ፋይል አጻጻፍ ግራ ገብቶኝ ግማሽ ቀን ተንከራትቻለሁ። ለካ «ማን ክሮንታብ» (man crontab፤ «ማን» ማኑዋሉን የሚያሳየው ትዕዛዝ ነው) ስል የሚመጣልኝ ክሮንታብ ስለሚባለው ትዕዛዝ ብቻ ነው! መሃል ላይ 5 ቁጥርን ሳስገባ (man 5 crontab) የፋይሉ አጻጻፍ ከነምሳሌው ወጣ። ከማኑዋሉ ክፍሎች ክፍል 5 የፋይል ፎርማቶች ቦታ ነው፤ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ደግሞ የማኑዋሉን ሐቀኝነት እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ (የሊኑክስ አርአያ የሆነው ሲስተም) ማኑዋል የትዕዛዞቹን ጉድለት «ባግስ» (ስህተቶች) በሚል ክፍል በግልጽ ይጽፍ ነበር። ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ ይህን ክፍል አትተዉት።