ቁጥሩ ሲበዛ ስኬሉ አይተልቅም

ወንድሜ፣ «የ1:250,000 ካርታ ቁጥሩ ከ1:50,000 ስለሚበልጥ፣ ዝርዝር የሚያሳየው እሱ ነው» ብለህ ለተማሪዎቹ የመለስክላቸው ተገልብጧል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚሁ ላይ ነው። ስኬል፣ ማለትም በካርታው ላይ ያለው ርቀት ከመሬቱ ርቀት ጋር ያለው ጥምርታ፣ ክፍልፋይ ነው፤ የታችኛው ቁጥር ሲበዛ ዋጋው ያንሳል።

ሱሉልታን እንውሰድ። በ1:50,000 ካርታ 1 ኪሎ ሜትር መሬት 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእግር መንገዱ፣ ጅረቱ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን ቁልቁለት የሚያሳዩት የኮንቱር መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) ለየብቻ ይታያሉ። በ1:250,000 ግን ያው 1 ኪሎ ሜትር 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ምን ሊገባ? ጥቅሙ ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ለገጣፎን ባንድ እይታ ማሳየቱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ካርታው ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ካነሰ ወይም ከተለቀ በቁጥር የተጻፈው ስኬል አይሠራም። በመስመር የተሳለውን ስኬል ተጠቀሙ፤ እሱ አብሮ ያንሳል፣ አብሮ ይተልቃል።